ለኤሌክትሪሽያኑ የተሳለ መሰላል

እሸት ቡና ከተለቀመ በኋላ አይጠብቅም። ቀን የተለቀመው በዚያው ምሽት ካልተፈለፈለ ክምሩ ይሞቃል፣ ፍሬው ከነቆዳው መብላላት ይጀምራል፣ ሲነጋም ጣዕሙ ተበላሽቶ ዋጋው ወርዶ ይገኛል። ስለዚህ በመኸሩ ወራት በኢሉባቦር የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራው የሚጋጋለው ሲመሽ ነው። ገበሬው በአህያ፣ በሞተር ብስክሌት፣ በጀርባው ያመጣውን ያስመዝናል፤ መፈልፈያው ከወንዝ በተሳበ ውኃ እየታገዘ ቆዳውን ይገፋል። ውኃው ከቆመ መፈልፈያው ቢዞርም ፋይዳ የለውም።

በኖፓ ገጠር ባለ አንድ ጣቢያ በጥቅምት ምሽት የቆመው ፓምፑ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ደውለው ያስመጡት ኤሌክትሪሽያን ከመቱ በሞተር ብስክሌት የደረሰው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን በደረቱ ያነገተ ሰው ነው። ዲግሪ የለውም፤ በየጣቢያውና በየወፍጮ ቤቱ የሚያውቁት ሁሉ ግን «ኢንጂነር» ይሉታል።

«ኢንጂነር፣ ዲናሞው ተቃጥሏል አይደል?» አሉት ኃላፊው፣ ገና ከሞተር ብስክሌቱ ሳይወርድ።

«የተቃጠለ ሽታ የለም፣ ኦቦ። መጀመሪያ ፓናሉን እንየው።»

ፓናሉን ከፈተው። ዋናው ብሬከር አልወረደም። በሦስቱ ፌዞች መካከል ሲለካ ሜትሩ ወደ 380 ቮልት አሳየው፤ ከመስመሩ የጠፋ ፌዝ የለም ማለት ነው። ኃይሉን ለሞተሩ የሚለቀውን ኮንታክተር ኮይል፣ ኤ1 እና ኤ2 የተባሉትን ጫፎች ሲለካ ግን ባዶ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲጫን የሚያቆመው ኦቨርሎድ 95 እና 96 ንክኪ ዝግ ነው፤ የማቆሚያው ቁልፍም ደህና ነው። የቀረው ከፓናሉ ወጥቶ፣ በተቀበረ ቱቦ አልፎ፣ ወንዙ አጠገብ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ወዳለው ተንሳፋፊ ማብሪያ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ነው። ተንሳፋፊው ውኃው ሲያንስ ፓምፑን ያቆማል፤ ፓምፑ በደረቁ እንዳይዞር። በባትሪ ብርሃን ወርደው ሲያዩት የሽቦው መጋጠሚያ ውኃ ገብቶበት ዝጎ ተበጥሷል።

እዚህ ላይ የሚመጣው ፈተና በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሁለቱን ጫፎች ፓናሉ ውስጥ በአጭር ሽቦ ቢያገናኛቸው ፓምፑ ወዲያው ይነሳል፣ ቡናው ይድናል፣ ኢንጂነሩም ወደ ቤቱ ይሄዳል። በየጣቢያው እንዲህ ተገናኝቶ የቀረ ሽቦ ብዙ ነው። ከሳምንት በኋላ የወንዙ መጥለፊያ በቅጠል ሲደፈን ፓምፑ ያለ ውኃ ይዞርና ማኅተሙ ይቃጠላል፤ ያኔ ምክንያቱን የሚያስታውስ የለም። ይኼኛው አላገናኘውም። መጋጠሚያውን ቆርጦ፣ አጽድቶ፣ አዲስ ግንኙነት ሠርቶ፣ ውኃ እንዳያስገባ አድርጎ ጠቀለለው። ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደበት። ኃላፊው በየደቂቃው ወደ ቡናው ክምር ይመለከቱ ነበር።

ፓምፑ ራሱ ያን ምሽት ምንም አልነካውም፤ «ተነሳ» የሚለው ትእዛዝ ነበር መንገድ ላይ የቀረው። ሞተሩን የሚያሽከረክረው የኃይል መስመርና፣ መቼ እንደሚነሳ መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ቀጭን የመቆጣጠሪያ መስመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሙያው የሚጀምረው በመጀመሪያው ነው። ጥገናው የሚያስቸግረው፣ አሁን አሁን ደግሞ እንጀራውም ያለው፣ በሁለተኛው ላይ ነው።

ኖፓ፣ በሙሉ ስሙ ቢሎ ኖፓ፣ ከያዩ የቡና ደን ወረዳዎች አንዱ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የያዩን የቡና ደን በጥብቅ ባዮስፌርነት ሲመዘግብ 167,000 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው ክልል ያዩን፣ ሁሩሙን፣ ዶረኒን፣ ጮራን፣ አልጌ ሳቺንና ቢሎ ኖፓን ያካተተ ነበር። በዛፍ ጥላ ሥር በራሱ የበቀለ አረቢካ ቡና የሚገኝበት ደን ነው። ይህ ለቡናው በረከት ነው፤ ለኤሌክትሪክ መስመሩ ግን ችግር። መስመሩ በዛፎች መካከል ረጅም ርቀት ይጓዛል፣ ዝናቡ ብዙ ነው፣ ቅርንጫፍ ይወድቃል፣ መብረቅ ይመታል። ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ሲጠፋ እየዞረ የነበረ ሞተር ወዲያው አይቆምም፤ በቀሩት ሁለቱ እየጎተተ፣ በእያንዳንዳቸው ከወትሮው አንድ ነጥብ ሰባት እጥፍ ያህል ከረንት እየሳበ፣ እየሞቀ ይቀጥላል። ኦቨርሎዱ በትክክል ካልተስተካከለ ሞተሩ ይቃጠላል። በመቱና በጎሬ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ሥራ የማይፈቱት በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው።

ተዘዋዋሪው ኤሌክትሪሽያን ያደገው በዚህ ሁሉ መካከል ነው። ወፍጮ ቤት፣ የእንጨት ሥራ ቤት፣ የከተማ ውኃ ፓምፕ፣ የሆቴል ጄኔሬተር፣ በመኸር ደግሞ ቡና። መጽሐፍ ሳይሆን ብልሽት ነው ያስተማረው። አሁን ግን በየቦታው የሚገባው ማሽን ሌላ እየሆነ ነው። አዲሱ የቡና ቀለም መለያ፣ አዲሱ የውኃ ፓምፕ ፓናል፣ አዲሱ ማድረቂያ ሲከፈት የለመዳቸው ሪሌዮች፣ በኮይል የሚሳቡት ማብሪያዎች፣ ተደርድረው አይታዩም። በቦታቸው አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ገብተውባት፣ ትናንሽ አረንጓዴ መብራቶች የሚበሩባት። ፒኤልሲ ትባላለች። ብዙ ጎበዝ ኤሌክትሪሽያኖች እዚህ ሲደርሱ እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ «ይኼ የኮምፒውተር ሰው ይፈልጋል» ብለው።

ይህ አስተሳሰብ ስህተት ነው፤ የሳጥኗ ታሪክ ራሱ ስህተት መሆኑን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ ውስጥ የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ ክፍል አንድ ችግር ነበረበት። የመኪና ሞዴል በተለወጠ ቁጥር ግድግዳ የሚሞሉ የሪሌይ ፓናሎች ተፈትተው እንደገና መታሰር ነበረባቸው። ኩባንያው በሽቦ ፈንታ በመመሪያ የሚለወጥ መቆጣጠሪያ ፈለገ። በማሳቹሴትስ የሚገኘው ቤድፎርድ አሶሲዬትስ የተባለ ድርጅት፣ ዲክ ሞርሊ ከባልደረቦቹ ጋር፣ መልሱን ይዞ ቀረበ። ሰማንያ አራተኛ ፕሮጀክታቸው ስለነበር መሣሪያው ሞዲኮን 084 ተባለ። ዋናው ነገር ግን ስሙ አይደለም። መሣሪያው የሚታዘዝበት ቋንቋ ኤሌክትሪሽያኖች ለሪሌይ ፓናል ሲሥሉት ከኖሩት ሥዕል ላይ ተወሰደ። ግራና ቀኝ ሁለት ቋሚ መስመሮች፣ በመካከላቸው እንደ መሰላል እርከን የተዘረጉ አግዳሚዎች፣ በእያንዳንዱ እርከን በግራ ንክኪዎች፣ በቀኝ ኮይል። የፋብሪካው ኤሌክትሪሽያን ፕሮግራም ጸሐፊ እስኪሆን ሳይጠበቅ ማሽኑን እንዲያነበው ታስቦ የተሠራ ነው። ቦታው መጀመሪያውኑ የእሱ ነበር።

በኖፓ ያየነው ኢንጂነር ይህን ያወቀው በሥራ ነው። ያገለገለ ትንሽ ፒኤልሲ፣ 24 ቮልት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ፣ ከተጣሉ ፓናሎች የፈታቸው ቁልፎችና ሁለት ኮንታክተሮች፤ እነዚህን አንድ ጣውላ ላይ ቸንክሮ በክረምት ማታ ማታ ይሠራባቸው ጀመር። የመጀመሪያው ልምምድ ሁሉም የሚጀምርበት ነው፤ አንድ ቁልፍ ሞተር ያስነሳል፣ ሌላው ያቆማል፣ ጣት ሲነሳም ሞተሩ እንዳይቆም ኮንታክተሩ በራሱ ንክኪ ራሱን ይይዛል። በሽቦ ሲሆን 13 እና 14 የሚባሉትን ጫፎች ከማስነሻው ቁልፍ ጎን ማሰር ነው፤ በፕሮግራሙ ደግሞ ያው ንክኪ በእርከኑ ላይ ይሣላል። ከዚያ ስታር ዴልታ የተባለውን የሞተር አነሳስ በሰዓት ቆጣሪ ሠራ፤ ከዚያ ተራ እየገቡ የሚሠሩ ሁለት ፓምፖች። ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር መጫን ብቻውን ሳምንታት የበላባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ግን ሐሳቡ ባዕድ አልነበረም።

ጀማሪዎች የሚሰናከሉበት አንድ ቦታ አለ፤ ረዘም አድርጌ ላስረዳው፣ የሙያው ልብ ያለው እዚያ ነውና። የማቆሚያ ቁልፍ ሁልጊዜ በዝግ ንክኪ ነው የሚታሰረው፤ ሳይነካ ከረንት ያልፍበታል፣ ሲጫን ይቋረጣል። በፕሮግራሙ ሲሣል ግን እንደ ክፍት ንክኪ ስለሚቀመጥ ተማሪው ግራ ይገባውና ቁልፉን ለውጦ በክፍት ንክኪ ያስረዋል። ማሽኑ ይሠራል፤ ሲጫኑትም ይቆማል። አንድ ቀን የቁልፉ ሽቦ ሲበጠስ ግን ሰው እየጮኸ ቢጫነው እንኳ አይቆምም። በዝግ ንክኪ ቢሆን ኖሮ ሽቦው በተበጠሰባት ቅጽበት ማሽኑ በራሱ ይቆም ነበር። የተንሳፋፊው መጋጠሚያ ዝጎ ፓምፑን ያቆመበት ምሽትም ይኸው ነው። የሽቦው መበጠስ ብልሽት ነበር፤ የፓምፑ መቆም ግን ያሰረው ሰው አስቦ ያደረገው ነው። መለኪያ መሣሪያዎችም በዚሁ ሐሳብ ነው የተሠሩት። የግፊት ወይም የውኃ መጠን መለኪያ ንባቡን የሚልከው ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፒር ባለ ከረንት ነው። ከ0 እስከ 10 ባር በሚለካ መሣሪያ 4 ሚሊ አምፒር ዜሮ ባር ነው፣ 12 አምስት ባር፣ 20 አሥር ባር። ለምን ከዜሮ አልተጀመረም? ዜሮ ሚሊ አምፒር የተበጠሰ ሽቦ ምልክት ሆኖ እንዲቀር ነው። ቧንቧው ባዶ መሆኑና ሽቦው መቋረጡ አንድ መስለው እንዳይታዩ።

የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ጥበብ በአብዛኛው ሽቦው ሲበጠስ ምን ይሆናል የሚለውን አስቀድሞ ማሰብ ነው። ዓመታቱን ሙሉ ከተበጠሰ ሽቦ ጋር የኖረ ሰው ይህን ከማንም ተማሪ ፈጥኖ ይረዳል። ለዚህ ነው ከክፍል የሚወጣውን ወጣት ብቻ ሳይሆን በሜዳ ያለውን ኤሌክትሪሽያን ወደ መቆጣጠሪያ ማሳደግ ይበልጥ ያዋጣል የምለው።

ማብራትና ማጥፋት ግን የሙያው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ማስተካከል ነው፤ ይህን የመቱ ሰው ስሙን ሳይጠራው ኖሮበታል። በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው 5 ሜጋ ዋት የውኃ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ሲጀምር ከብሔራዊው መረብ ተለይቶ መቱን፣ ጎሬንና አካባቢያቸውን ለብቻው እንዲመግብ ነበር። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል ብንል፣ 1,400 ያህል ምጣዶች በአንድ ጊዜ ቢጣዱ የማመንጫው አቅም አለቀ። ጭነቱ ሲጨምር ተርባይኑ ይከብደዋል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ 50 መሆን ያለበት ኸርዝ ይወርዳል። ጎቨርነር የተባለው መሣሪያ መውረዱን አይቶ የውኃውን በር ይከፍታል። ብዙ ከከፈተ ፍጥነቱ ያልፋል፣ መልሶ ሲዘጋ ደግሞ ከልክ በታች ይወርዳል፤ እንዲህ እየዋዠቀ መብራቱም ይዋዥቃል። የስኮትላንዱ ሊቅ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1868 በሒሳብ የመረመረው ይህንኑ መዋዠቅ ነው። ዛሬ በተለመደው የማስተካከያ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሦስት ቁጥሮች የሚመልሱት ሦስት ጥያቄዎችን ነው፦ ስህተቱ፣ ማለትም በሚፈለገውና በተለካው መካከል ያለው ልዩነት፣ አሁን ስንት ነው፣ ሲጠራቀም ስንት ሆነ፣ በምን ፍጥነት እየተለወጠ ነው።

አሁን መቱ ከበደሌ በሚመጣው 230 ኪሎ ቮልት መስመር ከብሔራዊው መረብ ጋር ተያይዛለች፤ መስመሩ ወደ ጋምቤላ ይቀጥላል። ኸርዙን የሚጠብቀው አንድ ጎቨርነር ሳይሆን የመላ አገሪቱ ማመንጫዎች በጋራ ናቸው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የሕዳሴ ግድብም አንዱ ነው።

ማስተካከልን ከማንበብ ይልቅ በእጅ መማር ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ጎሬ አጠገብ የጉመሮ ሻይ እርሻ አለ። የሻይ ቅጠል ሲቀጠፍ ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ ነው፤ ጠውልጎ፣ ተፈጭቶ፣ ተብላልቶ በሞቃት አየር ሲደርቅ እርጥበቱ ወደ ሦስት በመቶ ይወርዳል። አየሩ ከልክ በላይ ከሞቀ ውጪው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ካነሰ መብላላቱ አይቆምም። በእንዲህ ያለ ማድረቂያ ሙቀቱን የሚለካው ብዙ ጊዜ ፒቲ100 የተባለ ሴንሰር ነው፤ በዜሮ ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም የሚያሳይ። መጽሐፉ ሴንሰሩን ለመፈተሽ የፈላ ውኃ ውስጥ ክተት ይላል። ጎሬ ላይ ይህን ያደረገ ሰው ሜትሩ 136 ኦም ገደማ ሲያሳየው ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል። ሴንሰሩ ደህና ነው። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃው የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአካባቢው አሠልጣኝ ብቻ የሚያስተምረው እንዲህ ያለውን ነው።

ወደ ሜዳው ስንመለስ፣ ትልቁ እንቅፋት ዕውቀት ሳይሆን መቆለፊያ ነው። ማሽኑን የሸጠው ድርጅት ፕሮግራሙን በይለፍ ቃል ቆልፎ ይሄዳል፤ ሥዕሉ ከፓናሉ ኪስ ውስጥ የለም፤ ባለሙያው አዲስ አበባ ነው፣ 600 ኪሎ ሜትር ርቆ። በመኸር መካከል ሁለት ቀን መጠበቅ አንድን የገበሬዎች ማኅበር የዓመት ትርፉን ሊያሳጣው ይችላል። ሆኖም ፕሮግራሙ ቢቆለፍም መብራቶቹ አይቆለፉም። በፒኤልሲው ላይ ለእያንዳንዱ ግቤትና ለእያንዳንዱ ውጤት አንዳንድ ትንሽ መብራት አለ። ታንኩ ሞልቶ የተንሳፋፊው ግቤት መብራት ካልበራ ችግሩ ከሳጥኗ ውጪ፣ ሽቦው ወይም ሴንሰሩ ላይ ነው። የውጤቱ መብራት በርቶ ኮንታክተሩ ካልሳበ ችግሩ ከፕሮግራሙ ወዲህ ነው፤ የውጤቱ ሪሌይ ተቃጥሎ ወይም ኮይሉ ተበጥሶ። ግቤቶቹ ሁሉ በርተው ውጤቱ ዝም ካለ ያኔ ብቻ ነው ፕሮግራሙን የሚያውቀው ሰው የሚያስፈልገው። ብልሽቱ በአብዛኛው ከሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ነው፤ ሜትር የያዘ፣ ሥዕል ማንበብ የሚችል ሰው ያለ ላፕቶፕ ይፈታዋል። ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ለአዲስ አበባው ባለሙያ የሚልክ ኤሌክትሪሽያንም የትኛው መብራት እንደበራ ጽፎ ሲልክ መልሱ በደቂቃዎች ይመጣል፤ «አይሠራም» ብቻ ብሎ ሲልክ ግን ሰውዬው ራሱ ካልመጣ አይሆንም።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ብሬከሩ ከወረደ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች 540 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ለደቂቃዎች ይቆያሉ። ከኮንታክተር የመጣ ሰው «አጥፍቻለሁ» ብሎ እጁን ይሰዳል። መጠበቅ፣ ከዚያም ለክቶ ማረጋገጥ፣ ከዚያ መንካት። ሥልጠና ሳያገኙ ወደ አዲሱ ማሽን መግባት ገንዘብ ብቻ አያስከፍልም።

ሥልጠናው የት አለ? የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ የብቃት ምዘናውም ሙያውን የትም የተማረ ሰው ቀርቦ እንዲመዘን ይፈቅዳል። ይህ ለሜዳው ኤሌክትሪሽያን የተከፈተ በር ነው፤ በደንብ አልተነገረለትም እንጂ። ሠልጣኞች ከተግባሩ ብዙውን በድርጅት ውስጥ እንዲማሩ የሚያደርገው የትብብር ሥልጠና ግን ድርጅት ይፈልጋል። በደሌ የቢራ ፋብሪካ አለ፤ ሄይኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 ከመንግሥት የገዛው። ያዩ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ይሠራል ተብሎ ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር፤ በዓመት 300,000 ቶን ዩሪያ ታቅዶለት። ቢያልቅ ኖሮ ለዚህ ትውልድ ኤሌክትሪሽያን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ይሆነው ነበር። አላለቀም። ስለዚህ የኢሉባቦር ማሠልጠኛ ፋብሪካ በየሸለቆው የተበተኑት የቡና ጣቢያዎች፣ የውኃ ፓምፖችና ወፍጮ ቤቶች ናቸው፤ አሠልጣኞቹ ወደ እነዚህ መውረድ አለባቸው።

የቀን መቁጠሪያውም ይህን መከተል አለበት። ትምህርት የሚከፈተው መኸሩ በሚገባበት ሰሞን ነው፤ ያኔ ይህ ሰው መንገድ ላይ ነው፣ ኑና ተማሩ ቢባል አይመጣም፤ ባይመጣም እውነቱን ነው። እሱ እጁ የሚፈታው በክረምት ነው፣ ዝናቡ ሲከብድ፣ ጣቢያዎቹ ተዘግተው ማሽኖቹ ለጥገና ሲፈቱ። መቱ ውስጥ ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም አለ። በሐምሌና በነሐሴ የሥልጠና ፓናሎቻቸው ባዶ ክፍል ውስጥ ከሚቀመጡ ለስድስት ሳምንት ማታ ማታ ለእነዚህ ሰዎች ቢከፈቱ ወጪው የአሠልጣኝ አበልና የመብራት ነው።

የገዢዎቹ ድርሻ ግን ከዚህም ይቀድማል። አዲስ ማሽን የሚገዛ ማኅበር ወይም ባለሀብት ስለ ዋጋና ስለ ዋስትና ዘመን ይከራከራል፤ ስለ ፕሮግራሙ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የፓናሉ ሙሉ ሥዕል በወረቀት፣ የፕሮግራሙ ቅጂ በፍላሽ፣ የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ፣ ማሽኑ በሚተከልበት ቀን ደግሞ የአካባቢው ኤሌክትሪሽያን ከተካዩ አጠገብ ቆሞ እያንዳንዱን ሴንሰር አንድ በአንድ እንዲያይ። ከተካዩ ጋር አንድ ሙሉ ቀን። ይህ ሁሉ በውሉ ላይ የሚጻፈው ከመፈረሙ በፊት ነው፤ የሚፈጸመውም የመጨረሻው ክፍያ በገዢው እጅ እስካለ ድረስ ነው።